ተሠራልን ወይስ ተሠራብን?

የአማርኛ ግስ አንድ መልካም ጠባይ አለው። ሥራው ለማን እንደተሠራና በማን ላይ እንደተሠራ በአንዲት ፊደል ይለያል። «ዳኛው ፈረደልኝ» ያለ ሰው ከችሎት እየሳቀ ይወጣል፤ «ፈረደብኝ» ያለው ይግባኝ ለማለት ይሯሯጣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በዚህች ፊደል ብዙ አስቸግሬአለሁ። ዛሬ ደግሞ ተራው የአንባቢ ነው። ምክንያቱም ስለ ጦርነት ታሪካችን፣ ስለ አገር ዕዳና ስለ ኑሮ የምናካሂደው ክርክር ሁሉ የሚበላሸው እዚህችው ፊደል ላይ ነው።

አዳማ፣ በእኔና በዕድሜ እኩዮቼ አፍ ናዝሬት፣ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከድሬዳዋም፣ ከአሰላም፣ ከሐዋሳም የሚመጣው ጎራ ይልባታል፤ ቡናውን ይዞም ይከራከራል። ከክርክሩ ሦስት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «ጣሊያን በአምስት ዓመት ይህን ሁሉ መንገድ ሠራልን፤ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ኖሮ የት በደረስን!» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ጋሼ፣ ዕዳ የሌለበት አገር የት አለ? አሜሪካም እኮ ዕዳ አለባት» ይላል። ሦስተኛው «ኑሮስ ድሮ ቀረ! ዶላር በሁለት ብር፣ ዶሮ በስሙኒ» ነው። የሚሉት ደግሞ መሐንዲሶች፣ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ናቸው። ሦስቱ አባባሎች የማይገናኙ ይመስላሉ። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ይደብቃሉ፤ ሒሳቡን የከፈለውን ሰው።

ከጣሊያን እንጀምር። መንገዱ መሠራቱን ማንም አይክድም። ጥያቄው «ልን» ከየት መጣች ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተዘረጋው መንገድ የተዘረጋው ለጦሩ ካሚዮንና ሊሰፍር ለመጣው ጣሊያናዊ ነው። ያው መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። አብሮን መኖርን ወንጀል ያደረገ መንግሥት መንገዱን ለእኛ ብሎ ሠራ ማለት እንዴት ያለ ደግነት ነው? ከዚያ ሕግ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 12 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደተደረገ የስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞ ይናገራል።

ስለ ሒሳቡ ከሆነ ሒሳቡም አለ። ኢትዮጵያ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው የካሣ ጥያቄ የሟቾቹን ቁጥር 760,300 ብላለች። የወደሙት አብያተ ክርስቲያናት 2,000፣ የፈረሱትና የተቃጠሉት ቤቶች 525,000፣ ያለቁት የቀንድ ከብቶች 5 ሚሊዮን ተብለው ተዘርዝረዋል። ጠቅላላ የተጠየቀው ካሣ 184,746,023 ፓውንድ ነበር። በጊዜው አንድ ፓውንድ 4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ስለነበር ገንዘቡ 744 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል።

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ ውል ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቭየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን። ከተጠየቀው ከመቶ ብር ሦስት ብር ከሠላሳ ስድስት ሳንቲም መሆኑ ነው። ቤቱንም፣ ከብቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ትተን ለሟቾቹ ብቻ ብናካፍለው ለአንድ ሰው ሠላሳ ሦስት ዶላር አይሞላም። እሱም ቢሆን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ከ25 ሚሊዮኑ ወርዶ ነው የተከፈለው።

ያ ገንዘብ የት ገባ? ከአዳማ በሞጆ በኩል ትንሽ ቢኬድ ይገኛል፤ ቆቃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የሞቱት ሰዎች ካሣ ነው። ግድቡን የገነባው የጣሊያን ድርጅት ስለሆነ የካሣው ገንዘብ ወደ መጣበት አገር ለመመለስ ብዙ አልተቸገረም። እንግዲህ ያ ባለ ማኪያቶ ወንድሜ «ጣሊያን ሠራልን» ሲል የሚያየው መብራት የሚበራው በዚያ ካሣ ነው። ካሣን ስጦታ ብሎ የሚያመሰግን ተበዳይ በየትኛው አገር አለ?

እዚህ ላይ ሌላው ወገን እንዳያጨበጭብ። «አያችሁ፣ ነጮች ናቸው የበደሉን» ብሎ ሒሳቡን የሚዘጋውም ያው ፊደል ጠፍቶበታል። ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት አመንጭቶ ለአዲስ አበባና ለፋብሪካዎች መብራት ሰጠ። ውኃው የተኛበት መሬት ግን የሰው መሬት ነበር። የጅሌ ኦሮሞ ከብቱን ያሰማራበት የአዋሽ ዳር ሜዳ ከፊሉ በቆቃ ተዋጠ፤ ከፊሉ ከዚያ ቀደም ሲል ከኢንዶኔዢያ ለቆ ለመጣው የሆላንድ ኩባንያ፣ ለኤች.ቪ.ኤ.፣ የሸንኮራ እርሻ ሆኗል። የወንጂ ስኳር በ1946 ዓ.ም. ሲመረት አገሩ «ተሠራልን» አለ። ጅሌው ምን ይበል? ለእሱ ትክክለኛው ግስ «ተሠራብን» ነው። በጦርነት የሞተው ሰው ካሣ ሌላውን ዜጋ ከመሬቱ ሲያስነሳ ማንም ለተነሺው ሒሳብ አላቀረበለትም።

የወንጂ ሠራተኛም የራሱን ከፍሏል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ ጉድጓዶች ግን ይህን ብዙ ጊዜ አልፈው ተገኝተዋል። ለዓመታት ያንን ውኃ እየጠጡ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ወገባቸው እንደደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር እንዳለ ሐኪሞቻችን መርምረው ጽፈዋል። ከወንጂ እስከ ባቱ የበለዘ ጥርስ ያለውን ጎልማሳ ስታዩ «ሲጋራ አበዛ» አትበሉ። የተወለደበት መንደር ውኃ ነው። ስኳሩ ለአገር ነበር፤ ጥርሱና አከርካሪው ግን የእሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው አባባል ልለፍ። «አሜሪካም ዕዳ አለባት።» እውነት ነው፤ አለባት። የጃፓን ደግሞ ከዓመታዊ ምርቷ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን አሜሪካ የምትበደረው በዶላር፣ ጃፓን የምትበደረው በየን ነው፤ የራሳቸውን ገንዘብ የሚያትሙትም እነሱው ናቸው። የጃፓን አበዳሪ በአብዛኛው ጃፓናዊው ራሱ ነው። እኛ የምንበደረው በዶላር፣ የምናትመው ብር ነው። ዶላሩን የምናገኘው ቡና፣ ወርቅና አበባ ሸጠን ነው። ልዩነቱ ምን ያመጣል ላለ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ገበያ በቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረ። በዚያን ቀን ምንዛሪ ዋናው ገንዘብ 20 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ ቦንዱ የመክፈያ ቀኑ በ2017 ዓ.ም. ሲደርስ ያው 1 ቢሊዮን ከ120 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ሳንጨምር ዕዳው በብር ስድስት እጥፍ አደገ። አበው «ዕዳ ከሜዳ» ያሉት ይህንን ነው።

ደግሞም የመጀመሪያችን አይደለም። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ዕዳ ለከበዳቸው ድሆች አገሮች በተዘጋጀው ዕቅድ ብዙ ዕዳ ተሰረዘልን። ከተሰረዘውና ከተቀነሰው ውስጥ የደርግ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ከሶቭየት ኅብረት የወሰደው ትልቁን ድርሻ ይዞ ነበር። ከዚያ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ የዚያኑ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። በዓለም ፊት «አልከፈለችም» ተባልን። ምክንያቱን ጦርነት ብቻ ነው፣ ኮሮና ብቻ ነው፣ የቻይና ወጥመድ ነው የሚለው ሁሉ አንድ አንድ እውነት አለው። ግን ሁሉም ተበዳሪውን ከዓረፍተ ነገሩ ያወጡታል።

የተበደርነው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አዳማን ከብቦ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የምንመጣበት የፍጥነት መንገድ ከወጪው ከግማሽ በላይ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ከከተማው በላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማማዎች የዚያው ባንክ ብድር ናቸው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም እንዲሁ። የባቡሩ ዕዳ በ10 ዓመት ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 30 ዓመት ተራዘመ ሲባል እልል ተባለ። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን እየከፈለ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል ማለት ነው። ከሞጆ ሐዋሳ በሚዘረጋው 201 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ደግሞ መንገደኛው በአራት አበዳሪዎች ላይ ያልፋል፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ኮሪያ፣ የዓለም ባንክ፣ ቻይና። ለወንጂ፣ ለፊንጫና ለተንዳሆ ስኳር ከሕንድ ኤግዚም ባንክ 640 ሚሊዮን ዶላር ተወስዷል። ከዚያም በኋላ አገሪቱ ስኳር ከውጭ ስታስገባ ኖረች።

«ታዲያ አንበደር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። የመቂ ሽንኩርት ሳይበሰብስ ገበያ የሚደርስበትን መንገድ የሚጠላ ሰው የለም። መንገዱ በራሱ ገቢ ዕዳውን ሊከፍል ከቻለ እሰየው። የምለው፣ ብድሩ «ልን» ነው ወይስ «ብን» የሚለው የሚታወቀው ገንዘቡ ምን ሠርቶ በስንት ዓመት ዶላር እንደሚመልስ ሲታወቅ ነው። መንግሥት በቀጥታ የሚበደራቸው ውሎች በምክር ቤት ጸድቀው በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ። ከእኛ መካከል አንዱን እንኳ ገዝቶ ያነበበ ስንት ነው? የስኳሩ፣ የባቡሩና የሌሎቹ የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ግን ብዙው በዚያ በር አላለፈም። ድርጅቶቹ መክፈል ሲያቅታቸው በ2013 ዓ.ም. የዕዳና የሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ዕዳቸውን ተሸከመ። ዕዳው ድርጅት ቀየረ እንጂ ከፋይ አልቀየረም።

ታሪክና ዕዳ የሚገናኙት እዚህ ነው። በ1945 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተሰበሰቡ አበዳሪዎች ዓለምን ያነደደችውን የጀርመንን ዕዳ በግማሽ ገደማ ቀነሱላት፤ የቀረውንም እንደ ንግዷ አቅም እንድትከፍል አመቻቹላት። ጦርነቱን ላስነሳው ግማሽ ዕዳ ተማረ፤ ጦርነት ለወደቀበት ከመቶ ሦስት ብር ተፈረደ። የእኛ ተደራዳሪዎች በ2017 ዓ.ም. ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር ሲፈራረሙ ይህንን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን ማወቅ ነበረብን። «ጣሊያን ሠራልን» እያለ የሚከራከር ሕዝብ ምን ይዞ ይደራደራል?

ሦስተኛውን አባባል ባጭሩ። ዶላር በደርግ ዘመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ። ግን በዚያ ዋጋ ዶላር ያገኘ ማን ነው? ስኳሩም ርካሽ ነበር፤ በራሽን ካርድ፣ በቀበሌ ሰልፍ፣ የወንጂ ፋብሪካ ጭስ እየታየ። በጃንሆይ ዘመን ዶሮ በስሙኒ ነበረች፤ እሺ፣ ስሙኒውን ማን ነበረው? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሰው በረሀብ ሲረግፍ ገበያ ላይ እህል ነበር፤ የጠፋው ስሙኒው ነው። የዛሬው ሹም በበኩሉ በነፍስ ወከፍ ገቢ ያስደንቀናል። የእኔንና የባለ ፎቁን ደመወዝ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል እኔም ሀብታም እሆናለሁ። ኑሮን መለካት የፈለገ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ የአንድ ቀን ሠራተኛ የዕለት ክፍያ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል? ይህንን በጃንሆይ፣ በደርግ፣ በኢሕአዴግና በዛሬው ዘመን ይጠይቅና ያን ጊዜ ይከራከር።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ተሠራልን»፣ «ተበደርን»፣ «አደግን» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ሹምም ይሁን ወዳጅ፣ በዝምታ አትለፉት። «ለማን? በማን ገንዘብ? በማን መሬት? እስከ ስንት ዓመት?» በሉት። መልስ ካለው አመስግኑት። ከሌለው ግን ዓረፍተ ነገሩን መልሱለትና ፊደሏን አስተካክሎ ይምጣ።