ቀለሙ ለዕቃው ነው ወይስ ለሳንባ?

ባለፈው የዕረፍት ቀን በደብረ ታቦር ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመን ነበር። በዕድሜ ከእኛ የማይበልጥ ልጅ ከፋይበር ግላስ የተሠራ የመኪና ፓራውልት ጠግኖ በኮምፕረሰር ቀለም ይረጫል። አፉን በጨርቅ ሸፍኗል። ቀለሙ ግን ገሚሱ በፓራውልቱ፣ ገሚሱ በልጁ ላይ ነው። እኛም አፍንጫችንን ይዘን አለፍን። ዛሬ የሚያሳፍረን ይኸው ማለፋችን ነው፤ ልጁ የሚተነፍሰው ምን እንደሆነ በክፍል ተምረነዋልና።

ሃርድነር የሚጨመርበት የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት። ሳንባ ገብቶ አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው ጥቂቱም ቢሆን ይቀሰቅስበታል። ጨርቅ አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። መልካም ነው። ነገር ግን እርሳስ የሌለበትም ቀለም እንደ ጉም ሲረጭ ይጎዳል። ስለዚህ የቀለሙ ዓይነት ብቻ ሳይሆን አቀባቡም ይታሰብበት እንላለን።

መንገዱ አለ። አንደኛ፣ አዲስ ዕቃ ሲሠራ ጄልኮት የሚባለውን ቀለም አስቀድሞ በፎርማው ውስጥ በብሩሽ መቀባት፣ ከዚያም ክሩንና ሬዚኑን መደረብ ነው። ዕቃው ቀለሙን ለብሶ ይወጣል፤ የኋላው ርጭት ይቀራል። ጄልኮቱም ሽታ አለውና በርና መስኮት ይከፈት። ሁለተኛ፣ ለጥገና በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ መርጫ አለ። የዱሮው ከቀለሙ የሚበዛውን አየር ላይ ሲበትን፣ ይህኛው በደንብ ከተያዘ ከመቶ 65 እጅና ከዚያ በላይ በዕቃው ላይ ያሳርፋል። ለቀለም የሚወጣው ገንዘብም ይተርፋል። ሦስተኛው፣ በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በክረምት ብርድ ቶሎ አይደርቅምና የሞቀ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁለቱ እንጀምር።

«ይህ ለአገራችን ባዕድ ነው» የሚል አይጠፋም። ጭቃን ከጭድ አቡክቶ ግድግዳ የመረገና ላዩን በእበት የለቀለቀ ገበሬ ግን ክርን ከማያያዣ ማዋሐድን ከእኛ በፊት ያውቃል። እናቶቻችንም ምጣድ የሚያሟሹት በጎመን ዘር እንጂ በቲነር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖልስ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን፣ ጋፋት አይደለምን?

ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ መርጫ፣ አንድ አየር መሳቢያ፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ አንድ ጭምብል በወርክሾፓችን ይዘጋጅ፤ የከተማው ቀለም ቀቢዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይሞክሩት። ጉልበቱን እኛ እንሰጣለን። ዲግሪ ይዘን በዚያው ደጃፍ ዳግመኛ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፍ ከሆነማ፣ የተማርነው ለማን ነው?