ገንዘቡ ከማን እጅ ነው?

በካሊፎርኒያ የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናና የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲከፍት ከጆን ዶርና ከባለቤቱ 1.1 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። ይህን ያህል ጠግቦ ሳለ፥ ዲኑ ከነዳጅ ዘይት ኩባንያዎችም ገንዘብ ለመቀበል ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ተማሪዎችና መምህራን ተቃወሙ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን።

ገንዘቡ ጥናቱን አያጣምምም የሚሉ አሉ። ለመሆኑ የሚጠናውን የሚመርጠው ማነው? ካርቦንን ከጭስ ለይቶ መቅበር ይጠናል፤ ዘይቱን ሳያወጡ መተውንስ ማን ያስጠናል? ኤክሶን የገዛ ሳይንቲስቶቹ በ1970ዎቹ ስለ ሙቀቱ ነግረውት ሳለ በአደባባይ ጥርጣሬ ሲዘራ ኖሯል። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያጠና መምህር ሐቁን ቢናገር የበላበትን ወጭት ሰባሪ መባሉ አይቀርም።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከዳው ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር አንድ በርሜል ዘይት አልሸጠም። የኩባንያዎቹ ውል በሙሉ ለተማሪው ይገለጥ፤ ገንዘባቸውም ይመለስ!