የገዛ ደማችን ምርመራ የማን ነው?

እናትዎና አክስትዎ በጡት ነቀርሳ ቢሞቱ፣ ሕመሙ በዘር ወርዶብዎ እንደሆነ በምርመራ ማወቅ አይሹምን? በአሜሪካ ሚሪያድ ጄኔቲክስ የተባለው ኩባንያ ለዚህ ሕመም በሚያጋልጡት ሁለት ዘረ መሎች ላይ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ስለ ነበረው፣ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ዋጋው ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር። ገንዘቡስ ይቅር፤ ጡቷን ወይም የእንቁላል ማምረቻዋን በቀዶ ጥገና ለማስወጣት የምታስብ ሴት ውጤቱን ሌላ ዘንድ ደግማ የምታረጋግጥበት መንገድ አልነበራትም። ወርቅ ያጠበ ሰው ወርቁን ፈጠርሁ ይላልን? ታማሚዎችና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 ተፈጥሮ የሠራውን ዘረ መል ለይቶ ማውጣት ብቻውን ለፓተንት አያበቃም ሲል በሙሉ ድምፅ ፈረደ፤ ሰው ሠራሹን ቅጂ ግን ለይቶ አይቶታል። በዚያው ዕለት ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን በአነስተኛ ዋጋ እንደሚሰጡ አስታወቁ።