ቲቸር፣ መስኮቱን ለምን ዘጋኸው?

ወዳጆቼ፣ ይሄን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። መጀመሪያ የሚያሳፍረው እኔኑ ስለሆነ ነው።

ሶሪያውያን ስደተኞች በየትራፊክ መብራቱ በብዛት ይታዩ የነበረበት ሰሞን ትዝ ይላችኋል? በዚያ ሰሞን ኦሎምፒያ መብራት ላይ ታክሲያችን ቆመ። እኔ ጋቢና፣ በመስኮቱ በኩል ነኝ። አንድ ጎልማሳ ሰው በአንድ እጁ ልጅ ታቅፎ፣ በሌላው ፓስፖርቱን ዘርግቶ መጣ። "ሶሪያ፣ ሶሪያ" ይላል። ረዳቱ "ለማኝም ከውጭ ማስመጣት ጀመርን እንዴ?" ሲል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁት።

ለካ አንዷ ተማሪዬ ከኋላ ተቀምጣ ኖሯል። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ቲቸር፣ መስኮቱን ለምን ዘጋኸው?" አለችኝ። "አቧራ ነበራ" አልኳት። ኦሎምፒያ አስፋልት ላይ ምን አቧራ አለ!

እኔ እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ከተነሳ ከጥላሁን ገሠሠና ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበር የምጀምረው፤ እነሱ ከሰማይ የወረዱ ይመስል። ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስማርም ከዚያ በፊት ስለነበረው የነገረኝ የለም። ቆይቼ በራሴ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወጣቶች በናስ ሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወጣቶቹ ከጭፍጨፋ የተረፉ፣ በገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ራስ ተፈሪ ለምነው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የምንላቸው እነሱን ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውን፣ እስከ አብዮቱ ድረስ የአገሪቱ መዝሙር የነበረውን ዜማ የደረሰው እሱ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ የዮፍታሔ ንጉሤ። አስቡት፣ የአገራችንን መዝሙር ዜማ የሠራልን አገሩን ያጣ ሰው ነው።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ግን ይበልጥ ያስገርመኛል። አይንታብ ተወልዶ ያደገው አሌፖ ነው። አዎ፣ ሶሪያ! በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ አገሪቱ በጣሊያን እጅ እያለች እዚህ መጣ። ከነፃነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ሙዚቃ መራ፤ ከዚያም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሠራ። የቤቱ ስም ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። የሠራው ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ይዘው ነው የሚሄዱት። የትልቁ ባንድ አጻጻፍ ደግሞ ለሰባት ድምፅ የተሰፋ ልብስ ነው። ዝም ብሎ ካለበሱት ዜማው ይጠፋል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ነርሲስ ትራምፔቱን፣ ሳክስፎኑን፣ ፒያኖውን ለየብቻ እየጻፈ፣ ቅኝቱ ግን ቅኝት ሆኖ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ይሄን ለማድረግ መጀመሪያ ማዳመጥ ይጠይቃል፤ የሰው አገር ዘፈን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ።

ሌላም ሰው አለ፣ እሱንማ ጨርሶ ረስተነዋል። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ይባላል፤ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ፣ ቫዮሊን ተጫዋች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ክብር ዘበኛን ጨምሮ የመንግሥቱን የሙዚቃ ክፍሎች እንዲመራ ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነበር። እሱ እዚህ ሥራ ላይ ሳለ የፖላንድ አይሁዶች በናዚ ተጨፍጭፈው ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ከመቶው ዘጠና ያህሉ ነው የጠፋው። ይሄ ሰው ማታ ማታ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ስለማን ያስብ ነበር? ይሄን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይባባል። ከጥላሁን ጀርባ ስለነበረው ኦርኬስትራ ስናወራ ስሙን የሚያነሳ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ኮሜንት ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። "እነዚያ ባለሙያ ነበሩ፣ እነዚህ ለማኝ ናቸው።" አርባዎቹ ልጆች ገዳም ውስጥ በሰው ምጽዋት ይኖሩ የነበሩ ናቸው እኮ። ልዩነቱ አንድ ሰው ቆም ብሎ ሰማቸው። የኦሎምፒያውን ሰው ግን ሙያህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ማን ነው? አናጺ ይሁን፣ ዶክተር ይሁን፣ ዑድ ተጫዋች ይሁን በምን እናውቃለን? እኔ መስኮት ዘግቻለሁ።

"የራሳችን ልጆችስ?" የሚለው ግን ይከብደኛል። እዚያው መብራት ላይ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ፣ ክፍል ውስጥ መሆን የነበረባቸው ልጆች አሉ። ለዚህ አፍ የሚያዘጋ መልስ የለኝም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ያን ቀን መስኮቱን የዘጋሁት ለእነሱ አዝኜ አይደለም። ለእነሱም ዘግቼ አውቃለሁ።

ሕጉማ አለ። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ከወረቀቱ እስከ ኦሎምፒያ መብራት ያለው መንገድ ነው የረዘመው። እና ይሄን መንገድ የምናሳጥረው እኛም ጭምር ይመስለኛል፤ ባለሱቁ፣ ባለጋራዡ፣ አስተማሪው። መንግሥት መንግሥት ማለቱን ለጊዜው ተዉት።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ኪቦርድ አለ። ሙዚቃ የሚያስተምር ሰው ስለሌለ ስቶር ውስጥ አቧራ ይጠጣል (ይሄኛው እንኳ እውነተኛ አቧራ ነው)። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ክበብ ለማቋቋም ፈቅዷል፤ የትራንስፖርትና የሻይ መዋጮውን እኔና ሦስት ባልደረቦቼ እንሸፍናለን። ከሶሪያ ይሁን፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከየመን፣ ሙዚቃ የሚያውቅ ስደተኛ ጎረቤት ያላችሁ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አማርኛ ባይችልም ችግር የለም። ያቺ ተማሪዬ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ናት።