ቦምቦሊኖው ቦምቦሊኖ ይሁን

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ኬክ ቤት በዚህ ሳምንት መስታወቱ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፏል፤ «ስኳር የሌለው፣ ካሎሪው የቀነሰ ኬክ»። ዋጋው አጠገቡ ከተደረደረው ብላክ ፎረስት ይበልጣል፤ ቁራጩ ግን ያንሳል። እንዲያም ሆኖ ገዢ አላጣም። ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች፣ ሐኪም «ክብደት ቀንሱ» ያላቸው ጎልማሶች፣ እሑድ ጠዋት እንጦጦን ወጥተው የወረዱ ወጣቶች ሲያስጠቀልሉ ታይተዋል። አንዲት ደንበኛ ሒሳቧን እየከፈለች «ቢያንስ ይሄኛው አይጸጽተኝም» ስትል ተሰምታለች።

ሰው ለጤናው ማሰቡ ደስ ይላል። የሚያናድደው፣ ገንዘቡንም ተስፋውንም የሚወስደው ነገር በእርግጥ የቀለለ ይሁን አይሁን የሚነግረው መጥፋቱ ነው። ይህ ዓምድ ከጾም ኬክ ጋር ያለውን የቆየ ጠብ የሚያውቁ አንባቢዎች ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከወዲሁ ሳይገምቱ አልቀሩም።

አዲስ አበባ በምትክ ጣፋጭ ጀማሪ አይደለችም። ለምእመናን የተደነገጉት የጾም ቀናት በዓመት ከ180 አያንሱም፤ ኬክ ቤቶች በእነዚያ ቀናት ሁሉ በር ዘግተው መኖር ስለማይችሉ መላ መፈለግ ነበረባቸው። እንቁላሉ ወጣ፤ በቦታው ቤኪንግ ፓውደርና ኮምጣጤ፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ አምቦ ውሃ ገባ። ወተቱም ቅቤውም ወጡ፤ የአትክልት ቅቤ ተተካ። ክሬሙ ከአትክልት ስብ በተዘጋጀ የሚመታ ክሬም ተለወጠ። እንዲህ የተሠራ ኬክ የጾምን ሥርዓት ያከብራል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። በዚህ ላይ ተቃውሞ የለም። ጠቡ የሚጀምረው ሰዎች «የጾም ስለሆነ ቀለል ይላል» እያሉ በፍስክ ወራት ጭምር መርጠው ሲገዙት ነው።

ቀለል አይልም። ከላም ቅቤ ክብደት ከመቶ 16 ያህሉ ውሃ ነው። የአትክልት ቅቤ እየተባለ የሚሸጠው የረጋ ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ ደግሞ ከላምም ይምጣ ከዘንባባ ፍሬ 9 ካሎሪ አለው። ስለዚህ 100 ግራም ቅቤ 720 ገደማ ካሎሪ ሲኖረው፣ ያው መጠን የረጋ የአትክልት ስብ ወደ 900 ይጠጋል። ስኳሩ አልተነካም። በዚያ ላይ ዘይትን በከፊል ሃይድሮጅን እያስገቡ ማርጋት ትራንስ ፋት የሚባለውን፣ ለልብ እጅግ ጎጂ የሆነውን ስብ ይፈጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ በፋብሪካ የሚፈጠር ስብ እስከ 2023 ድረስ ከምግብ እንዲወገድ አገራትን የጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አዲሱ ኬክ እንመለስ። ጣፋጭነቱ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቆራጩ ልጅ በትሕትና «በማርና በቴምር ነው የምንሠራው» አለ። ስኳርን አስወጥቶ ማርን ማስገባት ካሎሪ አይቀንስም። እርግጥ ነው፣ በሚዛን ሲለካ 100 ግራም ማር 300 ገደማ ካሎሪ ይዞ ከስኳር ያንሳል፤ ስኳሩ 390 አካባቢ ነው። ነገር ግን ማሩ ከባድ ነው። በሾርባ ማንኪያ ሲሰፈር አንድ ማንኪያ ማር ከ60 በላይ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር 50 ገደማ ካሎሪ ይሆናል። ቴምሩም በ100 ግራም 280 አካባቢ አለው። ዱቄቱና ዘይቱ ደግሞ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ማርን ማንም አይጠላም፤ የአገሩ ክብር ነው። ኬክ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ስም ያለው ስኳር ከመሆን አያልፍም።

በእርግጥ ካሎሪ የሌለው ማጣፈጫ የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። እዚያ ችግሩ ከቁጥር ወደ አፍ ይዞራል። ስኳር ኬክ ውስጥ የገባው ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም። ከቅቤ ጋር ሲመታ አየር ያስገባል፤ እርጥበት ይይዛል፤ እንቁላሉ ቶሎ እንዳይረጋ አዘግይቶ ሊጡ እንዲነሣ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ላዩን ቡናማ የሚያደርገውም እሱ ነው። አንድ ኩባያ ስኳር ወጥቶ ከስኳር 600 እጥፍ የሚጣፍጥ ሱክራሎዝ በቁንጥጫ ሲገባ፣ ጣዕሙ ቢገኝ እንኳን የስኳሩን ሥራ የሚሠራ የለም። ኬኩ ይኮማተራል፣ ይነጣል፣ በማግስቱ ይደርቃል። አስፓርቴም ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ በምድጃ ሙቀት ይፈርሳል፤ ጣፋጭነቱም አብሮት ይጠፋል።

በስልክ ላይ ሆድ እያሳዩ ምክር የሚሰጡት ወጣቶች «ጣዕሙ ልዩነት የለውም» ይላሉ። ልዩነት አለው። ሚልፎሊ በልቶ ያደገ የፒያሳ ልጅ በአንድ ጉርሻ ይለየዋል።

የክብደቱንም ነገር ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን እንደማይመክር ገልጿል። ማስረጃዎቹ ሲመዘኑ የሰውነትን ስብ በመቀነስ ረገድ ዘላቂ ጥቅም አላሳዩም። መመሪያው አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ ይህን መርሳት አይገባም፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ ሊታሰብላቸው የሚገባው እነሱ ናቸው።

አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ስኳር ካገኛቸው ቆይቷል፤ መድኃኒታቸውን አዛብተው አያውቁም። የልጅ ልጃቸው የተመረቀች ዕለት ሁለት ኬክ መጣ፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለእሳቸው። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነው፤ ስኳር የለውም፣ እንደልብዎ ይብሉ» ተባሉ። እሳቸውም ልጅቷን ላለማሳዘን አንድ ቁራጭ፣ «ድገሙ እንጂ» ሲባሉ ሌላ፣ ማታ በሻይ ደግሞ ሦስተኛ ቀመሱ። በማግስቱ የተለካው ስኳራቸው ቤቱን ሁሉ አስደነገጠ። «ስኳር የለውም አላላችሁኝም እንዴ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም።

መልሱ ዱቄቱ ውስጥ ነበር። 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ሆድ ውስጥ ሲደርስ የሚሆነው ግሉኮስ ነው። ወረቀቱ ላይ «ስኳር የሌለው» ብሎ የጻፈው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ሊጽፈው ይችላል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነበው ሰው በጤናው የሚከፍል ሰው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌ ነው፤ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ፓስተር ከሚለው ነባር ስሙ ጋር እዚሁ ነው። ዕውቀቱ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ኬክ ቤቱ መስታወት ላይ በግምት መጻፍ ያሳዝናል።

ታዲያ ምትክ የሚባል ነገር ሁሉ ይጣል? አይጣል። ይህች አገር ምትክ ምግብ መሥራት ታውቅበታለች። በዐቢይ ጾም የሽምብራ ዓሣ የሠራች ባለሙያ ምን እንዳደረገች ማየት ይበቃል። የሽምብራውን ዱቄት በቅመም ታሻለች፣ በዓሣ ቅርጽ ትቆርጣለች፣ ትጠብሳለች፣ ከዚያ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ትከተዋለች። ቅርጹ የዓሣ ነው፤ ጣዕሙ ግን የራሱ የሽምብራው ነው። ገበታው ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው ከውሃ የወጣ ዓሣ እየበላ እንደሆነ እንዲያምን አይጠየቅም። ሱፉም እንዲሁ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ እንደ ወተት የነጣው ሱፍ እንጀራ ሲፈተፈትበት ወተት የሚያስታውሰው የለም። ጾሙ ተፈትቶም፣ ሥጋው ቤት ሞልቶም «ሱፍ አማረኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ይህ ዓምድ የሚጠይቀው መለኪያ እሱ ነው። ዋናው ነገር እጅ ላይ እያለ የሚመረጥ ምትክ ይበላ። ዋናውን እያስናፈቀ የሚያስከፍለው ይቅር።

ጣፋጭን ከምግብ በኋላ በሳህን ማቅረብ ራሱ ለዚህ አገር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያበሉት ታላቅ ግብር እስከ ዛሬ ይወሳል፤ እንደ አገሩ ልማድ ማሩ የሚመጣው በጠጁ ነበር። ኬኩና ቦምቦሊኖው ከጣሊያኖች፣ ሙሸበኩና ባቅላቫው ከዓረቦችና ከሌሎች የቀይ ባሕር ማዶ ሰዎች ጋር መጡ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ነው ጣፋጭ በየሱቁ መርከስ የጀመረው። ለረጅም ጊዜ ኬክ የልደት፣ የሰርግ፣ የበዓል ነበር። ያኔ ካሎሪውን የቆጠረ አልነበረም፤ መቁጠርም አላስፈለገም፤ በየስንት ጊዜው ነበር የሚበላው!

ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው። ቦምቦሊኖ ያማረው ቦምቦሊኖ ይብላ፤ ትኩሱን፣ ስኳር የተነሰነሰበትን፣ ከጓደኛው ጋር ለሁለት ቆርሶ። ሚልፎሊ ያማረው በወር አንድ ቀን ደህና ቤት ሄዶ ተቀምጦ ይብላ። ኬክ ቤቶችም እውነተኛውን ኬክ በግማሽ ቁራጭ፣ በግማሽ ዋጋ ቢሸጡ ካሎሪው ያለ ምንም ማጣፈጫ በግማሽ ይቀንሳል። አንዳንዶቹ «ግማሽ አንቆርጥም» ይላሉ። ለምን እንደማይቆርጡ የሚያሳምን ምክንያት እስካሁን አልተሰማም።

ይህ ሁሉ ተብሎ ግን፣ እውነቱን ለመናገር የጉለሌ ሰው ስኳር የሚገባው በኬክ በኩል አይደለም። ኬክ በሳምንት አንዴ ቢበላ ነው። ሻዩስ? በብዙ ሻይ ቤቶች ብርጭቆው የሚመጣው ስኳሩ ታች ተኝቶ ነው፤ ደንበኛው ምን ያህል እንደሆነ ሳይጠየቅ ያማስላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ሦስት ማንኪያ ቢሆን 12 ግራም፤ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይና ማኪያቶ ለሚጠጣ የመሥሪያ ቤት ሰው 48 ግራም ይመጣል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ስኳርና ጣፋጭ በቀን ከ30 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ገና አንድም ኬክ ሳይነካ ገደቡ ታልፏል። ለጤና ተብሎ የሚጠጣው ስፕሪስም አለ፤ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው በቂ ሆነው ሳለ ላዩ ላይ ሽሮፕ፣ ውስጡ ስኳር ይጨመርበታል።

አሳሳቢው እዚህ ነው። ካሎሪው የቀነሰ ኬክ የገዛችው ያቺ ደንበኛ ኬኩን የበላችው በሦስት ማንኪያ ማኪያቶ ነበር። ኬኩን ያስለወጣት ጭንቀት እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ነገር ግን ከማኪያቶው ሁለት ማንኪያ ብታስቀር ኖሮ፣ አጠገቡ የነበረውን፣ ሲያምራት የሰነበተውን ብላክ ፎረስት መብላት ትችል ነበር።

ሻይ ቤቶች ስኳሩን ለብቻ ማቅረብ ምንም አያስከፍላቸውም፤ እንዲያውም ይቆጥብላቸዋል። አስተናጋጆቹም «ስኳሩን ለብቻው አምጭልኝ እህቴ» ሲባሉ ቅር የሚላቸው አይደሉም። ለአዲሱ ገበያዋ እናትም ቤተሰቡ አሁን ያንን ማድረግ ጀምሯል። ሻያቸው በቀረፋና በቅርንፉድ ይፈላል፤ ስኳር አይነካውም። በሚቀጥለው ልደት ደግሞ ከእንግዳው ኬክ ላይ፣ ስኳራቸውን ለክተው፣ ሐኪማቸውን ጠይቀው፣ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ሊቆረጥላቸው ታስቧል።