መስመሩ እስኪሞት የሚጠብቅ ቁጥጥር

ብሪታንያ አሮጌውን የስልክ መረብ ልትዘጋ ተቃርባለች። በተያዘው ዕቅድ መሠረት እስከ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ድረስ የቤት ስልኮች በኢንተርኔት ወደሚሠራ ዲጂታል አገልግሎት ይዛወራሉ። እስካሁን ክርክሩ ያተኮረው በጊዜ ሰሌዳውና መብራት ሲጠፋ በሚደርሰው ችግር ላይ ነው። ሌላ ጥያቄ ግን ገና በቂ ትኩረት አላገኘም፤ ከዝውውሩ በኋላ የመስመሩን ጥራት ማን ይለካል? ውጤቱንስ ለማን ያሳውቃል?

በአሮጌው ስልክ ጉድለት ሲኖር ጆሮ ይሰማው ነበር። ዲጂታል ስልክ ግን ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ በጥቃቅን የመረጃ እሽጎች ይልካል። ጥቂት እሽጎች ቢጠፉ መሣሪያው ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል፤ ተነጋጋሪዎቹም ላያስተውሉት ይችላሉ። አረጋውያን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጥሪ መሣሪያ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ መሣሪያዎች መልእክታቸውን የሚልኩት በድምፅ ቃና በመሆኑ፣ ቃናው ከተዛባ መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው። በአገሪቱ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በእንዲህ ያለ አገልግሎት ይታመናሉ። በዲሴምበር 2023 መሣሪያዎቹ ከዝውውር በኋላ አለመሥራታቸው ያስከተላቸው ከባድ አደጋዎች ከታወቁ በኋላ፣ ዋና ዋናዎቹ ኩባንያዎች ተጋላጭ ደንበኞች መጠበቃቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ ያለ ፈቃድ የሚደረገውን ዝውውር ለመግታት ከመንግሥት ጋር ቃል ኪዳን ፈርመዋል።

መለኪያው አዲስ ግኝት አይደለም። ላኪው መሣሪያ ከመረጃው ጋር የማረጋገጫ ድምር ይልካል፤ ተቀባዩም ራሱ አስልቶ ያመሳክራል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዲጂታል መስመሮች ባወጣው ጂ.826 በተባለ መመዘኛ፣ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከተላኩት የመረጃ ክፍሎች 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተበላሹ ያቺ ሰከንድ በጽኑ እንደተበላሸች ትቆጠራለች። እንዲህ ያሉ 10 ሰከንዶች ከተከታተሉ መስመሩ አገልግሎት እንዳቋረጠ ይወሰዳል። በእሽግ ለሚጓዝ ድምፅ ደግሞ የጠፉ እሽጎች፣ መዘግየትና የመዘግየቱ መዋዠቅ ይለካሉ። ለዚህ ሁሉ የማንንም ንግግር ማድመጥ አያስፈልግም።

ደንቦቻችን ግን የሚነቁት መስመሩ ሲሞት ነው። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው የገቡበት የካሳ ሥርዓት ለመስመር ብልሽት ገንዘብ የሚያስከፍለው አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ በሁለት ሙሉ የሥራ ቀናት ውስጥ ሳይጠገን ሲቀር ነው። ለተቆጣጣሪው ለኦፍኮም ሪፖርት የሚቀርበውም በአመዛኙ በተጎጂዎች ብዛትና በመቋረጡ የቆይታ ጊዜ ተመዝኖ ነው። የአንዲት አረጋዊት መስመር ለወራት ቢታመም ከዚህ ደፍ አይደርስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው።

ምልክትን በጊዜው አለማየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ጁን 25 ቀን 2023 አሳይቶናል። በዚያ እሑድ የ999 የአደጋ ጥሪ አገልግሎት ለ10 ሰዓት ተኩል ታውኮ ወደ 14,000 የሚጠጉ ጥሪዎች ሳይሳኩ ቀሩ። መነሻው በአንድ ሰርቨር ፋይል ውስጥ የተፈጠረ ስሕተት እንጂ የመስመር ብልሽት አልነበረም። ሆኖም ኦፍኮም በጁላይ 2024 ቢቲን 17.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲቀጣ፣ ኩባንያው በቂ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ሆነ የችግሩን ክብደትና መንሥኤ ፈጥኖ የሚለይበት አሠራር እንዳልነበረው ገልጿል። ለዚያ ግዙፍ ማዕከል የጎደለው ነገር ለአንድ ቤት መስመርም ሊጎድል አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ግዴታዎች በሕግ እንዲደነገጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ኩባንያዎች የእያንዳንዱን ዲጂታል የስልክ መስመር ስሕተት መዝግበው ይያዙ፤ ደንበኛው ሲጠይቅም በሚገባው ቋንቋ ይስጡት። ሁለተኛ፣ የአደጋ ጥሪ መሣሪያ ባለበት ቤት ሁሉ ከመሣሪያው እስከ ጥሪ ተቀባዩ ማዕከል ድረስ ያለው ግንኙነት በዝውውሩ ዕለትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው ይፈተሽ። ሦስተኛ፣ ከተወሰነ የስሕተት መጠን ያለፈ መስመር፣ ባይቋረጥም እንኳ፣ ካሳና ሪፖርት የሚያስከትል ይሁን።

ኩባንያዎች ወጪው ይከብዳል ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን ስሕተትን መቁጠር ዲጂታል መሣሪያዎች ከተሠሩበት ዘመን ጀምሮ የሚያከናውኑት ተግባር ነው። የጎደለው ቁጥሩን የማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እርሱን መደንገግ ደግሞ የፓርላማው ሥልጣን ነው። የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ጥያቄውን ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ለማቅረብ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ የለባቸውም።