ሃይማኖታችን የባዕድ ባንዲራ አይደለም

 

መብታችንን በጠየቅን ቁጥር «ከጀርባቸው የውጭ እጅ አለ» ይባላል። ክሱ አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችንም ሰምተውታል።

በታህሳስ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ያለ ኢትዮጵያ ፊርማ በአገራችን ላይ የጥቅም ክልላቸውን ተከፋፈሉ። እንግሊዝ ዓይኗን የጣለችው በአባይ ውሃ፣ ጎጃማችንን በከበበው ወንዝ ላይ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ እነዚሁ መንግስታት እየተዳከመች ከነበረችው ኦቶማን ቱርክ ጋር ጦርነት ላይ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ከሐረርና ከሶማሌ ሙስሊሞች ጋር ሲቀራረቡ፣ መንግስታቱ ለቅኝ ግዛቶቻቸው ሰጉ። መስከረም 2 ቀን 1909 የሦስቱ ሌጋሲዮኖች የጋራ የተቃውሞ ደብዳቤ ሰጡ። በ15ኛው ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ «ሰልመዋል» ተብለው ከስልጣን ተሻሩ። መስለም አለመስለማቸው ዛሬም የታሪክ ምሁራንን ያከራክራል። ሌጋሲዮኖቹ የተጨነቁት ግን ለቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ለጂቡቲና ለሶማሊያ ይዞታቸው ነበር። ዳፋው በሐረር በቤተ መንግስት ጉዳይ እጃቸው በሌለበት ሙስሊሞች ላይ አረፈ፤ ተገደሉ።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1928፣ ከሦስቱ አንዷ ጣሊያን አገራችንን ወረረች። በእስልምና ስም ስጋት ያሰማችው ጣሊያን አሁን «የሙስሊሙ ወዳጅ ነኝ» እያለች መስጂድ ማሠራት ጀመረች። እምነታችን ያው ነው፤ የተለወጠው የእሷ ጥቅም ነው። ያኔ አልጠላችንም፣ ኋላም አልወደደችንም። በሁለቱም ጊዜ ተጠቀመችብን።

ይህ የተቻለው ለምን ነበር? የራሳችን መንግስት ሙስሊሙን በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ስላኖረው ነው። የጎጃም ሙስሊም ሸምኖ እያለበሰ፣ ነግዶ ገበያውን እያቀና፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በአብዛኛው ርስት የለሽ ነበር። ነፋስ የሚገባው በቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን የከፈተው ባዕድ አልነበረም።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ጥያቄያችንን ለየትኛውም ኤምባሲ አናቀርብም፤ ለየትኛውም ባዕድ መንግስት መሣሪያ አንሆንም። የምንጠይቀው በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 11 እና 27 የተጻፈው እንዲፈጸም ብቻ ነው፤ መንግስት ከሃይማኖታችን እጁን ያንሳ፣ እምነታችንን በነጻነት እንያዝ። ይህንን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በገበያም በለቅሶም በትዕግስት እናስረዳ።

መንግስትም «ማን ላካችሁ?» ማለቱን ትቶ «ጥያቄያችሁ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይመርምር። አገር ከባዕድ ጫና የሚድነው ዜጋን በመጠርጠር ሳይሆን በእኩል በማኖር ነው።

አላሁ አክበር!